እየቀፈፈኝ የሠራሁት፦ ከኮርኒስ በላይ የሞተ አይጥ ስለ ማውጣት

ይህን የምጽፈው የሞተ አይጥ ባዩ ቁጥር ከክፍሉ ወጥተው በሩን ለሚዘጉ፣ የሚያነሳላቸው ሰው እስኪመጣም ደጅ ቆመው ለሚጠብቁ ሰዎች ነው። እኔም ከእነሱ ወገን ነኝ። «ነበርኩ» ያላልኩት ሆን ብዬ ነው፤ ዛሬም ይቀፈኛል። የተለወጠ ነገር ቢኖር እየቀፈፈኝም ቢሆን ሥራውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው መወጣት መቻሌ ነው። ብዙዎቻችን መጀመሪያ መጸየፉ እንዲለቀን፣ ከዚያ በኋላ እጃችንን እንድንሰነዝር እንጠብቃለን፤ ነገሩ ግን በዚያ ቅደም ተከተል አይሄድም።

የምንኖረው አፍንጮ በር አካባቢ፣ በ1967 ዓ.ም. አዋጅ ከተወረሱት ቤቶች በአንዱ ነው። ግድግዳው ጭቃ፣ ጣራው ቆርቆሮ፣ ኮርኒሱ ደግሞ በሞራሌ ላይ ተወጥሮ የተመታ አቡጀዲና እርስ በርሱ የተሰፋ ማዳበሪያ ነው። ቤቶቹ በአንድ ጣራ ሥር ተያይዘው ስለ ተሠሩ ከኮርኒሱ በላይ ያለው ባዶ ቦታ የሁሉም ጎረቤት፣ ይልቁንም የአይጦቹ ነው። እንዲህ ባለ ቤት ያደገ ሰው ማታ መብራት ሲጠፋ ከላይ የሚሰማውን ሩጫ ለምዶታል፤ እንግዳ ቢደነግጥ «ኧረ አይጥ ነው» ብሎ ወሬውን ይቀጥላል። ችግሩ የሚጀምረው ሩጫው ቆሞ ሽታው ሲመጣ ነው።

ወንድሜ ከእኛ ጋር ሳለ ሥራው የእሱ ነበር። እሱ ትዳር ይዞ ከወጣ በኋላ የሰፈሩን ልጆች እየጠራን የሻይ እንሰጣቸው ነበር። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳና ዶሮ ማነቂያ ሲፈርስ ግን ሁለት ነገር ተከታተለ፤ የምናውቃቸው ልጆች ከየቤተሰቦቻቸው ጋር ወደ ከተማው ዳር ሄዱ፣ አይጦቹ ደግሞ ወደ እኛ መጡ። ቤት ሲፈርስ አይጥ ወደ ቅርብ ወዳለው ቤት መዛወሩ የታወቀ ነው፤ እንደ ሰው የሚሰጠው ምትክ ቦታ የለምና።

በዚያው ሰሞን ከጎረቤቶቻችን አንዱ መርዝ አስቀመጡ። መርዙ የተቀመጠው በእሳቸው ቤት፣ አይጡ የሞተው ግን ከእናቴ አልጋ ትይዩ ነው። የመርዝ ሻጮች «ውኃ ስለሚጠማው ወጥቶ ደጅ ይሞታል» እያሉ የሚሸጡበት ቃል እውነት እንዳልሆነ ያወቅሁት ከዚያ ወዲህ ነው። ደም እንዳይረጋ የሚያደርጉት መርዞች አይጡን የሚገድሉት ከበላው ከቀናት በኋላ ስለሆነ፣ እስከዚያ እንደ ወትሮው ይዘዋወራል፤ ሲደክም ደግሞ እንደ ማንኛውም የታመመ እንስሳ ወደ ጎጆው ይገባል፤ ጎጆው ኮርኒስ ከሆነ እዚያው ይሞታል። ፈጥኖ የሚገድለው ዚንክ ፎስፋይድም ቢሆን የት እንደሚሞት አይመርጥለትም። ተረቱ «አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ» ይላል፤ በእኛ ግቢ ግን አይጥ በበላው ድመት ትሞታለች፤ መርዝ የበላ አይጥ ለበላው እንስሳም መርዝ ነውና። ልጅና ድመት ባለበት ቤት መርዝ ባይገባ እመርጣለሁ።

መጸየፍን በተመለከተ አንድ ነገር ማወቄ ብዙ ጠቅሞኛል። ቻርልስ ዳርዊን እ.ኤ.አ. በ1872 ስለ ሰውና ስለ እንስሳት ስሜት በጻፈበት ጊዜ መጸየፍን ከሌሎቹ ስሜቶች ጋር አብሮ መርምሮታል። ከእሱ ብዙ ዘመን በኋላ በለንደን የንጽሕና ጉዳይ ተመራማሪ የነበሩት ቫል ከርቲስ፣ በልዩ ልዩ አገር ያሉ ሰዎች ይበልጥ የሚጸየፏቸው ነገሮች በሽታ የሚያመጡት መሆናቸውን እያሳዩ፣ መጸየፍ ሰውነታችን ከበሽታ የሚሸሽበት መንገድ ነው ሲሉ ተከራክረዋል። ዐይነ ምድር፣ የበሰበሰ ሥጋ፣ ትል፣ አይጥ፤ ዝርዝሩ የእኔው ነበር። ስለዚህ «ምን ዓይነት ቅምጥል ነኝ» እያልኩ ራሴን መውቀሱን ተውኩት። ስሜቱ የሚለኝ «በባዶ እጅሽ አትንኪ» ነው፤ ትክክል ነው፤ በባዶ እጄ አልነካም።

ሁለተኛው ነገር ከአንዲት ጎረቤታችን ልጅ የሰማሁት ነው። ልጅቱ ነርስ ናት። እንዴት እንደለመደችው ስጠይቃት ሳቀችና፣ «እኛንም ይቀፈናል እኮ። ግን ጓንት መቼ እንደሚደረግ፣ ምን ከምን በኋላ እንደሚከተል ተጽፎልናል፤ እጃችን ያንን ይሠራል፣ ሆዳችን የፈለገውን ይበል» አለችኝ። ከዚህ የተሻለ ምክር ከማንም አላገኘሁም። በሥነ ልቦና ጥናቶችም ቢሆን ሰው ከሚፈራው ነገር ጋር ደጋግሞ ሲገናኝ ፍርሃቱ ቶሎ የሚቀንሰውን ያህል መጸየፉ ቶሎ እንደማይቀንስ ታይቷል። እንግዲህ መጸየፉ እስኪለቅ የሚጠብቅ ሰው ብዙ ይጠብቃል፤ የሞተ አይጥ ደግሞ በጥበቃ ብዛት የሚሻሻል ነገር አይደለም።

ስለዚህ ዋናው ሥራ የተሠራው መሰላል ላይ ሳልወጣ በፊት፣ ሌሊቱን ወረቀት ላይ ነው። ምን ከምን በኋላ እንደሚመጣ ጻፍኩ፤ በየደረጃውም ዓይኔ፣ አፍንጫዬና እጄ ምን እንደሚደርስባቸው አሰብኩና ከእያንዳንዱ የቻልኩትን ያህል ለመቀነስ ሞከርኩ። የሚቀፈን ነገር አንድ ወጥ ይመስለናል እንጂ ሲበተን የተለያየ ነው። እኔን ለምሳሌ ማየቱ ያን ያህል አይደለም፤ የሚያንገሸግሸኝ በጨርቅም ሆነ በጓንት ውስጥ ልስላሴውና ክብደቱ ሲሰማኝ ነው። እናቴን ደግሞ ሽታው ነው። ሰው የእሱ የትኛው እንደሆነ ካወቀ መከላከል ያለበትን ያውቃል።

ሰዓቱን ማለዳ አደረግሁት። የአዲስ አበባ ማለዳ ቀዝቃዛ ነው፤ ቆርቆሮው ፀሐይ ሳይመታው ሽታው ያነሰ ነው፣ ዝንቦቹም ገና ደንዝዘው ይገኛሉ። ከሰዓት በኋላ፣ ጣራው ሲግል፣ ያው ክፍል ሌላ ክፍል ይሆናል። ውኃ በፈረቃ ስለሚመጣ ጄሪካኖቹን ቀድሜ ሞልቻለሁ፤ በእንዲህ ያለ ሥራ መካከል ቧንቧ ከፍቶ ማጣት ከአይጡ የከፋ ነው። ቆጣሪውንም አጠፋሁ። ይህን ማንም እንዳይዘነጋው እለምናለሁ፤ በአሮጌ ቤት የመብራት ገመድ በኮርኒሱ ላይ ተጋድሞ የሚያልፍ ሲሆን፣ አይጥ በሚኖርበት ቦታ ደግሞ ገመዱ ያልተጋጠ ነው ብሎ ማመን አይቻልም፤ እኛ ደግሞ እርጥብ ነገር ልንረጭበት ነው።

የሚረጨው በረኪና ነው፤ አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውኃ፣ በዕለቱ የተበጠበጠ። በሃይላንድ ተሞልቶ የሚሸጠው በረኪና ምን ያህል እንደ ቀጠነ ስለማይታወቅ ጽሑፍ ያለበትን ፋብሪካ ያሸገውን ገዛሁ። በረኪናን ከኮምጣጤም ሆነ ከሌላ የመጸዳጃ ቤት ማጽጃ ጋር ማደባለቅ መርዛማ ጋዝ ስለሚያወጣ «ይጠንክርልኝ» ብሎ መጨመር አደጋ ነው። የአይጥ ኩስና ሽንት ያረፈበትን ቦታ በደረቁ መጥረግ ፈጽሞ አይገባም፤ አቧራው ይነሳና ወደ ሳንባ ይገባል። መጀመሪያ በደንብ ማራስ፣ አምስት ደቂቃ ያህል መተው፣ ከዚያ በጨርቅ ወይም በወረቀት ማንሳት ነው። ክፍሉም አስቀድሞ ለግማሽ ሰዓት በርና መስኮቱ ተከፍቶ ይናፈስ።

ለሽታው ቤተሰቡ ሁሉ የሚመክረው እጣን ነው። እኔ አልተቀበልኩትም። ጭሱ ሽታውን አያጠፋውም፤ ከሽታው ጋር ይደባለቃል እንጂ፤ በኋላም ቡና ተፈልቶ እጣን በተጨሰ ቁጥር የሚታወሰው ያው የበሰበሰ አይጥ እንዲሆን አልፈለግሁም። ጤና አዳም በማስኩ ውስጥ አደረግሁ፤ እሱም በከፊል ነው የረዳው። ይበልጥ የረዳኝ ወጣ ገባ አለማለት ነው። አፍንጫ አንድ ሽታ ውስጥ ጥቂት ደቂቃ ከቆየ ይደነዝዛል፤ ንጹሕ አየር ፍለጋ ደጅ በወጣን ቁጥር ግን እንደ አዲስ ይነቃና ስንመለስ ሽታው ከመጀመሪያው ይጀምረናል። አንዴ ገብቶ ጨርሶ መውጣት ይሻላል።

አይጡ ያለበትን ቦታ ያገኘሁት በዓይኔ ነው። አቡጀዲው ላይ የሳንቲም ስፋት ያለው ቅባታም ነገር ወጥቶ በዙሪያው ቡናማ ቀለበት ሠርቷል፤ ትልልቅ አረንጓዴ ዝንቦችም ከሌላው ቦታ ሁሉ እዚያ ይሰፍራሉ። በመጥረጊያ እንጨት ጫፍ ቀስ ብዬ ስነካው ጨርቁ ረገብ አለና እንደ ገና ወደ ታች ተመለሰ። ያ መመለስ እጄ ድረስ ተሰማኝ፤ እንጨቱን ልጥለው ምንም አልቀረኝም። እዚህ ላይ በአፌ ረዘም አድርጌ እየተነፈስኩ ቆምኩ።

እንዲህ ያለ ነገር ሲያዩ የሚዞርባቸው ሰዎች አሉ፤ መሰላል ላይ ሆኖ ማዞር ቀልድ አይደለም። ደም ሲያዩ ለሚወድቁ ሰዎች በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ስዊድን ውስጥ የተቀመረ ዘዴ አለ፤ የእጅን፣ የእግርንና የሆድን ጡንቻ ፊት እስኪሞቅ ድረስ ለአሥር ወይም ለአሥራ አምስት ሴኮንድ አጥብቆ መያዝ፣ ለግማሽ ደቂቃ ያህል ማላላት፣ ይህንኑ መደጋገም። የደም ግፊቱ እንዳይወርድ ስለሚረዳ መሬት ላይ ሆኖ አስቀድሞ መለማመዱ ጥሩ ነው። በሚያዞር ጊዜ ግን ከሁሉ በፊት መውረድ ነው።

አልጋውን አውጥተን ወለሉ ላይ ላስቲክ ዘረጋን። እኔ ጓንት በጓንት ላይ ደርቤ፣ ፀጉሬን በሻርፕ ጠቅልዬ፣ መነጽርና ማስክ አድርጌ ወጣሁ። እናቴ ባትሪውን ይዛ ከታች ቆመች። ባልዲ ውስጥ ፌስታል በፌስታል ላይ አልብሼ፣ ከሥሩ ደረቅ አመድ በትኜ፣ የመሰላሉ የላይኛው ደረጃ ላይ በገመድ አሰርኩት፤ አሳቡ አይጡን ማንሳት ሳይሆን ራሱ እንዲወድቅ ማድረግ ነው። ጨርቁን ከሥር በበረኪናው ውኃ አራስኩትና ጠበቅሁ። ከዚያ ቀለበቱን ሳይሆን ከእሱ አንድ ስንዝር ራቅ ብሎ ያለውን ስፌት በመቀስ ያዝኩ።

የማዳበሪያው ክር አንድ በአንድ ሲበጠስ ይሰማል። ሦስተኛው ወይም አራተኛው ላይ ጥላሸትና የግድግዳ ጭድ መርገፍ ጀመረ፤ ቀጥሎ የተቦጫጨቀ ጋዜጣ፣ ቀጥሎ የነጠላ ጥለት ቁራጭ መጣ። «የኔ ነው፤ የፋሲካው ነጠላዬ» አለች እናቴ ከታች። ከዚያ ጨርቁ በአንድ ወገን ተዘረጠጠና አይጡ ባልዲው ውስጥ ዱብ አለ። ትሎቹ ተከትለው ወረዱ። እውነቱን ለመናገር ከአይጡ ይልቅ የከበዱኝ እነሱ ናቸው፤ አይጡ አይንቀሳቀስም፣ እነሱ ግን ይንቀሳቀሳሉ።

«ትልቅ ነው?» አለችኝ እናቴ።

«መካከለኛ ነው። ጀርባው ላይ ፀጉሩ ረግፏል። ጭራው ደህና ነው።»

«ትል አለው?»

«አለው፤ አመዱ ላይ ናቸው።»

«በይ እሰሪው እንግዲህ።»

ይህ የገበያ ወሬ የመሰለ ምልልስ ያደረገልኝን ነገር ያን ጊዜ አላስተዋልኩትም ነበር። የማየውን በደረቁ፣ አንድ በአንድ ስሙን እየጠራሁ መናገሬ ከዓይኔ ሥር ያለውን ነገር ያሳንሰዋል፤ ዝም ካልኩ ግን አእምሮዬ ከፊቴ ካለው የባሰ ነገር ይሥላል። ብቻውን የሚሠራ ሰውም ጮክ ብሎ ለራሱ ቢናገር ነውር የለውም። «ኡ!» የሚል ሰው አጠገብ ማቆም ግን አይረዳም፤ እንዲህ ያለውን ዘመድ ያን ማለዳ ቡና እንዲያፈላ ወደ ጎረቤት መላክ ይሻላል።

በእጅ የመንካት ነገር የቀረልን በዚህ ዘዴ ነው። ወለል ላይ ወይም ከዕቃ ኋላ ለሞተ አይጥ ደግሞ ሌላ መላ አለ፤ እጅን ፌስታል ውስጥ ከትቶ ከውጭ ይዞ መገልበጥ። ልስላሴው ለሚቀፈው እንደ እኔ ላለ ሰው ግን በእጅና በአይጡ መካከል ርቀት የሚሰጥ የከሰል መቆንጠጫ ይመረጣል፤ መቆንጠጫው ከዚያ በኋላ ለዚሁ ብቻ ይሁን እንጂ ወደ ምድጃው አይመለስ። ከማንሳት በፊት ሬሳውንና ዙሪያውን በበረኪናው ማራስ በዚህም አይቀርም።

ባልዲው ውስጥ ያለውን ካሰርኩ በኋላ የተቀደደውን የኮርኒስ ክፍል በሙሉ ቆርጬ አወረድኩ፤ ሽታው የሚቀመጠው ጨርቁ ላይ ነውና ማጠቡ አያዋጣም። ሞራሌውን በበረኪናው ውኃ ደጋግሜ ወለወልኩ። የእናቴን አንሶላና ብርድ ልብስ በፈላ ውኃ ዘፈዘፍን። ይህ ለሽታ ብቻ አይደለም፤ አይጥ ሞቶ ሲቀዘቅዝ ቁንጫው ሌላ ትኩስ ገላ ፍለጋ ይወጣል፣ አንድ የታይፈስ ዓይነትም በአይጥ ቁንጫ ይተላለፋል። ከሥራው በኋላ ባሉት ሁለት ሳምንታት ትኩሳትና ብርቱ ራስ ምታት የያዘው ሰው ካለ ጤና ጣቢያ ሲሄድ አይጥ ማንሳቱን ለሐኪሙ ይንገር። ጓንቱን ሳላወልቅ እጄን በሳሙና ታጠብኩ፣ ከዚያ ወደ ውስጥ እየገለበጥኩ አወለቅሁ፣ እንደ ገና ባዶ እጄን ታጠብኩ።

ስለ ቆሻሻ ሰብሳቢዎቹ አንድ ቃል ልጨምር። በየቤቱ እየዞሩ ቆሻሻ የሚቀበሉን ማኅበራት አባላት ማዳበሪያውን በእጃቸው ከፍተው የሚለዩት አላቸው፤ ፕላስቲክ፣ ብረት ይፈልጋሉ። የእኛን መጸየፍ ለእነሱ አሳልፈን ስንሰጥ ቢያንስ ማስጠንቀቅ ይገባናል። እኔ በሁለት ፌስታል ለየብቻው አስሬ፣ ከሌላው ቆሻሻ ሳልቀላቅል፣ «የሞተ አይጥ ነው፣ አትክፈቱት» ብዬ ሰጠሁ። ልጅቱ ቀና ብላ አየችኝና፣ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ሌላው አይነግረንም» አለች።

ሽታው ከክፍሉ ከወጣ በኋላም ለቀናት አፍንጫዬ ውስጥ የነበረ ይመስለኝ ነበር። ይህ የሚያጋጥም ነገር ስለሆነ «ሌላ ሞቶ ይሆን?» ብሎ ኮርኒሱን ሁሉ ከመቅደድ በፊት ከውጭ የመጣ ሰው አስገብቶ መጠየቅ ይበጃል።

ቀዳዳ መድፈኑን በዚያው ሳምንት ጨረስነው። ትንሿ የቤት አይጥ እርሳስ በሚያልፍበት ቀዳዳ ትገባለች፤ ትልቁም ቢሆን የአውራ ጣት ውፍረት ይበቃዋል። የድስት ማጠቢያ ሽቦ ጠቅጥቀን በሲሚንቶ መረግነው፤ በጭቃ ወይም በጨርቅ ብቻ የተደፈነውን በአንድ ሌሊት ይከፍተዋል። ጎረቤቶቻችንም ተስማምተው መርዙን ትተው ጥርቅም ብሎ የሚገድለውን የእንጨት ወጥመድ ገዙ፤ ቢያንስ የት እንደሞተ ይታወቃል።

አንድ ያልቻልኩት ቀርቷል። በሙጫ የሚይዘውን ወጥመድ አልወደውም፤ አይጡ በሕይወት ተጣብቆ ሲጮኽ ያድራልና። አጎራባቾቻችን አንዴ አስቀምጠውት ጠዋት ሲጠሩኝ፣ ያ ሁሉ ጓንትና ዝርዝር እያለኝ ከበሩ አላለፍኩም። የሞተውን እኔ አነሳለሁ፤ በሕይወት ላለው ግን አሁንም ማዶ ካለው ጋራዥ ልጅ እንጠራለን፣ የሻይም እንሰጠዋለን።